የርቀት ልጅ

«እናትህ የት ናት?» ሲሉኝ «ደብረ ዘይት» እላለሁ። ውሸት የለበትም። ጠያቂው ግን ወዲያው ቢሾፍቱ ይታየዋል፤ ሐይቁ፣ የዓሣ ጥብሱ፣ በፈጣኑ መንገድ ሽው ብሎ ደርሶ መመለሱ። «ታድለህ! ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እያልክ ታያታለህ ማለት ነው» ይለኛል። እኔም አላርመውም፤ አንገቴን እነቀንቃለሁ። የእኔ ደብረ ዘይት መተከል ውስጥ፣ ወንበራ ወረዳ ነው። ጎጃምን አቋርጦ፣ በእንጅባራና በቻግኒ አልፎ፣ ድባጤንና ቡለንን ተሻግሮ የሚደረስበት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አባይ ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ወንዙ ለሁለት ይከፍለዋል፤ አሶሳና ካማሺ ከማዶ፣ እኛ ከወዲህ። አንገቴን የነቀነቅኩባቸው ቅዳሜዎች ወደ ኪሎ ሜትር ቢለወጡ ኖሮ ወንበራ ደርሼ በተመለስኩ ነበር።

እማዬ የሽናሻ ልጅ ናት። አባቴ ከጎጃም ደጋ ለንግድ ወርዶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። ስለዚህ በቤታችን አማርኛው ሳሎኑን ያዘ፣ ሽናሽኛው ወደ ጓዳ ገባ። ከእህቶቿ ጋር ስታወራ እንሰማታለን፤ «ተማር» ያለኝ የለም፣ እኔም «አስተምሪኝ» አላልኩም። የቋንቋ ሊቃውንት ሽናሽኛን ከአባይ ማዶ ርቆ ከሚነገረው የከፋ ቋንቋ ጋር እንደሚያዛምዱት ያወቅሁት አዲስ አበባ ገብቼ ከመጽሐፍ ነው። ስለ ቋንቋው ለሰው ማስረዳት እችላለሁ። በቋንቋው ግን የሚጠጣ ውኃ መለመን አልችልም።

መርሳቷ በቡና ጀመረ። ምጣዱ ላይ አድርጋው ትረሳለች፤ ቤቱ ጢስ በጢስ ይሆናል። ቀጥሎ ወጡን ደግማ ጨው መጨመር፣ ከገበያ ስትመለስ የሰው አጥር ማንኳኳት፣ ከሞተ ዘመን ያለፈውን ወንድሟን ለምሳ መጠበቅ መጣ። ከእሷ ጋር የምትኖረው ታናሽ እህቴ እየደወለች ትነግረኛለች። እኔ «እርጅና ነው፣ ያለ ነው» እላለሁ። ደግማ ስትደውል «ቪታሚን ግዢላት» እላለሁ። ጎረቤቶች «ጃጀች» አሉ፤ አንዳንዶቹ ጠበል ትሂድ አሉ። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝና በሁለቱም ሳቅሁ። ጠበል እንሂድ ያሉት ግን እጇን ይዘው፣ ዳገቱን ደግፈው ወስደው መልሰዋታል። የሳቅሁት እኔ ከሶፋዬ አልተነሳሁም።

ሰበብ አላጣሁም። በ2013 ዓ.ም. መተከል ላይ ያ ሁሉ ደም ሲፈስ፣ ሰው ሲፈናቀልና ዞኑ በኮማንድ ፖስት ሲተዳደር መንገዱ የሚሞከር አልነበረም። ይህ እውነት ነው፤ ሰው ያለቀሰበት እውነት ነው። የእኔ ነውር ያ እውነት ስለተመቸኝ ነው። መንገዱ ተከፍቶ መኪና መመላለስ ከጀመረ በኋላም «እንዴት ተብሎ ይኬዳል?» ማለቴን ቀጠልኩ። እህቴ በዚያው መንገድ በሚመጡ ሾፌሮች ማር ትልክልኝ ነበር። የወንበራን ማር በዳቦ እየቀባሁ «መንገዱ እኮ አያስተማምንም» እላት ነበር በስልክ፣ አፌ ሞልቶ።

ከዚያ አንድ ማታ ኢንተርኔት ላይ ስዞር በራልኝ። ለሰው ሁሉ መከራ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው ቤት ውስጥ ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች አይሰፖርት የሚባል ሥልጠና አውጥቷል። 5 ክፍሎችና 23 ትምህርቶች አሉት። ስለ ሕመሙ ምንነት የሚናገረውን የመጀመሪያውን ክፍል እየደጋገምኩ አነበብኩ። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸውና ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች እንደሚኖሩ አወቅሁ። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 ቱቢንገን ላይ ስለ አንዲት ታማሚው ንግግር አድርጎ ስሙ ለበሽታው እንደቀረ አወቅሁ። ይህንን በለቅሶ ቤት አወራሁ፣ በሠርግ ቤት አወራሁ፣ የእድር ስብሰባ ላይ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ሲባል እጄን አውጥቼ አወራሁ። ስለ ዕለታዊ እንክብካቤ የሚያስተምረውን ክፍል ግን፣ ማጠቡን፣ ማብላቱን፣ መጸዳጃ ማድረሱን፣ ዘለልኩት። የእህቴ ክፍል መሰለኝ። ለእህቴም «እንግሊዝኛ ስለሆነ ይከብዳታል» ብዬ ሳልነግራት ቀረሁ።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለውን ሙያ ያገኘሁትም ያኔ ነው። መድኃኒት የሚያዝ ሙያ አይደለም። ይህ ሰው ምን መሥራት ይወድ ነበር? አሁን ሥራው የት ላይ ሲደርስ ነው እጁ የሚያዝበት? ቤቱ፣ ዕቃው፣ አብሮት ያለው ሰው አነጋገር ምን ቢለወጥ ይቀናዋል? ይህንን ነው የሚጠይቀው። የሄደውን ትዝታ ለመመለስ አይታገልም፤ በቀረው ችሎታ ኑሮው እንዲሄድ ያደርጋል። በኔዘርላንድ ማውድ ግራፍ የምትባል ባለሙያና ባልደረቦቿ በ2006 ባሳተሙት ጥናት 135 ታማሚዎችን ከአስታማሚዎቻቸው ጋር ለሁለት ከፍለው፣ አንደኛውን ወገን ቤቱ ድረስ እየሄዱ በ5 ሳምንት 10 ጊዜ አገዙት። የታገዙት የዕለት ሥራቸው ተቃና፣ አስታማሚዎቻቸውም በራሳቸው መተማመን ጀመሩ። በኮቪድ ጊዜ ቤት ለቤት መሄድ ሲቀር ደግሞ ሥራው በብዙ ሀገር ወደ ስልክና ቪዲዮ ዞረ። «በርቀት» የሚለውን ስመለከት ልቤ ዘለለ። ሳልሄድ የሄድኩ የሚያደርገኝ ሕክምና ተገኘ ማለት ነው!

ባለሙያ ፈልጌ አማከርኩ? ምን በወጣኝ። ራሴን ሾምኩ።

አሠራሬ ይህን ይመስል ነበር፦ ማታ ማታ እደውላለሁ፤ እህቴ ስልኩን ድምፁን ከፍታ እማዬ ጆሮ ላይ ትይዛለች፤ እኔ እጠይቃለሁ።

«እማዬ፣ እኔ ማን ነኝ?»

«አንተ ራስህን ካላወቅህ እኔ ከየት አመጣልሃለሁ?»

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ምን፣ ዕዳ አለብህ?»

«ትናንት ምን በላሽ?»

«ሰው የበላውን ይቆጥራል እንዴ! ርቦሃል መሰለኝ።»

ዛሬ ሳስበው ሦስቱም የሊቅ መልሶች ናቸው። ያኔ ግን «ስህተት» ብዬ መዘገብኩ። በኮምፒውተር ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፤ ነጥቡ ሲወርድ የሚያሳይ ቀይ መስመር አሰመርኩበት፤ ለቤተ ዘመድ በቴሌግራም ላክሁ። አጎቴ አውራ ጣቱን አሳየኝ። መስመሩ እናቴ መሆኗን የተረዳ ሰው የሚልከው ምልክት አይደለም፤ ግን እኔም አልተረዳሁም ነበር። ከፈተናው በኋላ እማዬ ሌሊቱን ሙሉ ስትባንን፣ «ምን ብዬ ነው ያጠፋሁት?» እያለች ስትጠይቅ እንደምታድር እህቴ ነገረችኝ። «ደህና ምልክት ነው፤ አእምሮዋ እየሠራ ነው» ብዬ መለስኩላት።

ዕቃም ላክሁ። የመድኃኒት ሣጥን፣ የቀናቱ ስም በላቲን ፊደል የተጻፈበት። ነጭ ሰሌዳ፣ መርሐ ግብሯን እንድታነብበት፤ እማዬ ማንበብ አትችልም፣ ድሮም አትችልም ነበር። ሰዓቱን በድምፅ የሚናገር ሰዓትም ልኬያለሁ፣ በእንግሊዝኛ የሚናገር። ሌሊት ድንገት ሲለፈልፍ እማዬ ተነስታ «እንግዳ መጥቷል፣ ፈረንጅ ነው፣ እግሩን አጥቡት» ብላ ቤቱን ቀሰቀሰች። እህቴ ሰዓቱን በጨርቅ ጠቅልላ ጎተራ ውስጥ ቀበረችው። ዛሬም ድረስ እህል ሲወጣ ከሥር ይናገራል ይባላል።

በቪዲዮ መደወል የጀመርኩት ነገሩን ላሻሽል ብዬ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ እማዬ ፊቴን አየች፤ ዝም አለች። ስልኩን ገልብጣ ከበስተጀርባው አየች። መልሳ ወደ እኔ አዞረችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ መቼ ነው የሚፈቱህ?» አለችኝ።

«ማን አሰረኝ እማዬ?»

«እሱንማ ያደረግኸው አንተ ታውቀዋለህ።»

ተቆጣሁ። እኔ፣ የመንግሥት ግብር በወቅቱ የምከፍል ሰው! መታወቂያዬን አውጥቼ አሳየኋት። ስልኩን ይዤ ቤቴን አስጎበኘኋት፤ ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ማቀዝቀዣውን። ሁሉን በጥሞና አየችና «ተመስገን፣ ደህና እስር ቤት ነው» አለች። አሁን ነገሩን ረጋ ብዬ ስመረምረው ማስረጃዋ የሚያስፈርድ ነበር። ባዶ ግድግዳ አለ፤ አራት ማዕዘን መስኮት አለ፤ በመስኮቱ ከደረቱ በላይ ብቻ የሚታይ ሰው አለ፤ ጥቂት ተናግሮ ድንገት ይጠፋል፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ እናቱን አይጠይቅም። ያልታሰረ ልጅ እንዲህ ያደርጋል እንዴ?

ወሬው ተዛመተ። ጎረቤቶች «እግዜር ያስፈታው» እያሉ መጡ። አንድ የሩቅ ዘመድ ደውሎ፣ በጣም ተጠንቅቆ፣ «ነገሩ የገንዘብ ነው ወይስ…» አለኝ። እናቴ አእምሮዋን እያጣች፣ እህቴ እንቅልፏን እያጣች፣ እኔን ሌሊት ያባነነኝ ስሜ መጥፋቱ ነበር። ባለሙያ የፈለግሁትም፣ ከመናዘዝ አልሸሽም፣ እናቴን ለማሳከም ሳይሆን ስሜን ለማስመለስ ነው።

በሀገራችን የዚህ ሙያ ሰው እንደልብ አይገኝም። የመጀመሪያውን የዲግሪ ትምህርት የከፈተው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ። ከዚያ ተመርቃ የወጣች አንዲት ወጣት በሰው በሰው አገኘሁ። በስልክ ልታግዘን ፈቀደች። መጀመሪያ ፈተንኳት፤ ስለ አልዛይመርና ስለ ቱቢንገን አወራሁላት። ታግሣ ሰማችኝና «እናትዎን ማን ነው የሚያጥባቸው?» አለች።

«እህቴ።»

«በቀን በስንት ሰዓት? በሙቅ ውኃ ነው በቀዝቃዛ? ሲታጠቡ ይቆጣሉ?»

አላውቅም።

«እህትዎ ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሳለች?»

አላውቅም። ለእናቴ ያዘጋጀሁት ፈተና እንኳ እንደዚህ አልከበደም።

«ከእህትዎ ጋር ብነጋገር ይሻላል። እርስዎም መስማት ይችላሉ፤ ድምፅዎን ግን ያጥፉት» አለችኝ። አጠፋሁ። ባስቸኳይ መልሼ የከፈትኩበትን ጊዜ ግን አልቆጥረውም፤ በተከፈተ ቁጥር «ይቅርታ፣ ጥናቱ እንደሚለው…» ስል እህቴ «ጋሽዬ!» ትለኛለች፤ እኔም እመለሳለሁ ወደ እስሬ።

ሥራዋን ሳየው ተራ ነገር መሰለኝ። እህቴን ስልኩን በእማዬ የዓይን ቁመት ይዛ ከአልጋዋ እስከ መጸዳጃ ቤቱ እንድትሄድ አዘዘቻት፣ ቀስ ብላ። እኛ የተወለድንበትን ቤት ያን ቀን ገና አየሁት። የበሩ ደፍ ከፍ ያለ ነው፤ እማዬ እዚያ ላይ ትደነቃቀፋለች። ጓሮው ማታ ጨለማ ነው። ሲኒዎቹ ነጭ ናቸው፤ ረከቦቱ ላይ የተነጠፈውም ጨርቅ ነጭ ነው፤ ስለዚህ እማዬ ሲኒውን ለማንሳት ጨርቁን ትቧጭራለች። እኔ ይህንን በሠንጠረዤ «የእጅ መንቀጥቀጥ» ብዬ ይዤዋለሁ። ባለሙያዋ ጨርቁ ቀርቶ ረከቦቱ ጥቁር ሆኖ እንዲታይ፣ መደርደሪያው ላይ ካለው የዕቃ ክምር የምትጠቀምባቸው ብቻ እንዲቀሩ፣ ከቤቱ እስከ መጸዳጃው ገመድ እንዲወጠርና ማታ ፋኖስ እንዲሰቀል አደረገች። ጠቅላላ ወጪው እኔ ለተናጋሪው ሰዓት ካወጣሁት አይደርስም። (ስለ ፋኖሱ ሲነሳ ድምፄን ከፍቼ፣ ጎረቤታችን ጉባ ላይ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳለውና ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁን ማብራራት ጀምሬ ነበር። የእህቴ ስልክ ቻርጅ አልቆ ተዘጋ።)

ቀጥላ «ዓይናቸው ታይቷል ወይ? ጆሯቸውስ?» አለች። ማንም አላሰበበትም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ በ2024 የመርሳት ሕመምን ያባብሳሉ፣ ቢታረሙ ግን 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሎ ከዘረዘራቸው 14 ነገሮች ውስጥ የመስማትና የማየት ችግር ይገኙበታል። ይህንን አንብቤዋለሁ። በቃሌ እወጣዋለሁ። እናቴ ላይ ግን ማን ያስበው! እህቴ ይዛት ሄዳ ስትመረመር በዓይኗ ሞራ አለ። ለካ ያ ቀይ መስመሬ ሲለካ የኖረው የእማዬን አእምሮ ብቻ አልነበረም፤ ግማሹ የዓይን ሞራ፣ ግማሹ የተቆራረጠ ኔትወርክ ነው። ዘመዶቼ ግን ቴሌግራም ላይ እስካሁን ያ መስመር አላቸው።

ቋንቋውም መጣ። እማዬ አንዳንድ ቀን አማርኛው ጨርሶ ይጠፋባታል፤ በሽናሽኛ ብቻ ታወራለች። እኔ «ትርጉም የሌለው መንተባተብ» ብዬ መዝግቤዋለሁ። ሰው በዚህ ሕመም ኋላ የተማረውን ቋንቋ አስቀድሞ ሊያጣ፣ የልጅነቱ ሊቆይለት እንደሚችል በብዙ ሀገር የታወቀ ነገር ነው። ባለሙያዋ ሽናሽኛ አትችልም፤ ግን ጠየቀች፦ «እማማ ምን አሉ?» እህቴ ሰምታ «ፀሐዩ ሳይበረታ ልብሱን አስጡት ነው የምትለው» አለቻት። እሷ ታናሼ ስትሆን ቋንቋውን የተማረችው ከእማዬ ጋር ማጀት ስትውል ነው፤ እኔ ትምህርት ቤት ስውል። ባለሙያዋ ቋንቋውን የሚያወራት ሰው በየቀኑ እንዲመጣ መከረች። ማዶ ያሉ አንዲት አሮጊት ከሰዓት በኋላ ለቡና እየመጡ ከእማዬ ጋር በሽናሽኛ ይሳሳቁ ጀመር። ስለ ማን እንደሚስቁ እህቴን ጠየቅኳት። «ባትሰማው ይሻላል» አለችኝ።

«እናታችሁ ምን መሥራት ይወዱ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ድምፄን ከፍቼ ቀድሜ መለስኩ፦ «የቤት እመቤት ነበረች።» ጸጥታ ሆነ። ከዚያ እህቴ ተናገረች። ገብስ ትሸከሽካለች፣ ቅቤ ታነጥራለች፣ ሰፌድ ትሰፋለች፣ ለጋሪ ዎሮ፣ ለሽናሻ ዘመን መለወጫ፣ መንደሩን ሁሉ የሚያስከትል ድግስ ትደግሳለች፣ ቡና የምታፈላው ለራሷ ሳይሆን አላፊ አግዳሚ ለመጥራት ነው፣ ሲከፋት ጥጥ ትፈትላለች። ሌላም፣ ሌላም። እኔ ከዚያ ቤት ተወልጄ ወጥቼ በሦስት ቃል ጨርሼው ነበር።

ባለሙያዋ ቡናውን ወሰደችና በየደረጃው ፈታችው። መልቀም፣ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበና መጣድ፣ መቅዳት። እሳት ያለበት ሁሉ ለእህቴ ሆነ። መልቀሙና ማጠቡ የእማዬ። ሲጀመር «ቡና አፍዪ» አይባልም፤ ረጅም ትእዛዝ መሃል ላይ ይጠፋባታል። ሰፌዱን ጭኗ ላይ ማድረግና አብሮ መልቀም መጀመር ብቻ ነው፤ እጇ የራሱን መንገድ ያውቃል። «ታስታውሻለሽ?» የሚባል ጥያቄም ከዚያ ቤት ተከለከለ። በኔ ስም የተጻፈ ሕግ ነው ማለት ይቻላል።

በመጨረሻ የኔን ጉዳይ አነሳሁ። «እስረኛ ነህ የሚለኝን ቅዠት እንዴት እናጥፋው?»

«ሲያስቡት ምን ያደርጋሉ?» ብላ እህቴን ጠየቀቻት።

«ስንቅ ላዘጋጅለት ትላለች። ገብስ አምጡልኝ፣ ቆሎ ልቁላለት ትላለች። እኛ አይሆንም፣ አልታሰረም እንላታለን። ከዚያ ታለቅሳለች።»

«ታዲያ ገብሱን ለምን አትሰጧቸውም?»

ድምፄን ከፈትኩ። ስለ እውነት፣ ስለ ሰው ክብር፣ በተለይም ስለኔ ክብር ተናገርኩ። ለታመመ ሰው ውሸት መንገር ይገባል ወይ ብዬ ሞገትኩ፤ የቅዳሜዬ ደብረ ዘይት ትዝ ሳይለኝ። ባለሙያዋ «ታስሯል በሏቸው አላልኩም። ‹ለልጅዎ ምን ይላክለት?› ብላችሁ ጠይቋቸው። ልጅ አላቸው፣ ሩቅ ነው፣ የሚላክለት ነገር ይፈልጋል። ከዚህ ውስጥ የቱ ነው ውሸት?» አለች። ድምፄን አጠፋሁ።

እማዬ ሥራ ያዘች። ጠዋት ሰፌዷን ትይዛለች፣ ገብሱን ትለቅማለች፤ እህቴ ከቆላችው በኋላ ታማስለዋለች፣ ታበርደዋለች፣ በከረጢት ትቋጥራለች። ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፤ ታዛለች፤ ትቆጣለች። እየሠራች ከቆሎው ስለምትቀማምስ ምግብ እንቢ ማለቷ ቀነሰ። ቀን ስለምትደክም ሌሊት ትተኛለች፤ እሷ ስትተኛ እህቴም ትተኛለች። ሕመሙ ቆሟል ማለቴ አይደለም፤ ይሄዳል፣ እንደሚሄድም ባለሙያዋ አልደበቀችንም። ስሜን ዛሬም አትጠራውም። ለስንቄ ግን አንዲት ጠጠር አታሳልፍም። ጎረቤቱም እርግጠኛ ሆነ፦ ስንቅ የሚላክለት ሰው ካልታሰረ ማን ይታሰር!

የቆሰለው ኩራቴ ዝም አላለም። በ2021 በእንግሊዝ ሀገር 468 ታማሚዎች ከአስታማሚዎቻቸው ጋር የተሳተፉበት ጥናት ያንኑ የኔዘርላንዱን ዘዴ ሞክሮ ከተለመደው እንክብካቤ የተለየ ውጤት አለማግኘቱን አነበብኩ። ደስ አለኝ፤ እናቴ ላይ የሠራ ነገር አለመሥራቱን ሳነብ ደስ ያለኝ ሰው ነኝ። ደውዬ ለእህቴ ነገርኳት። «ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ» አለችኝ፤ «ያን ጥናት ስታገኘው ንገርልኝ።»

ባለሙያዋ በመሰናበቻዋ አካባቢ እህቴ ዕረፍት ያስፈልጋታል አለች፤ አስታማሚዋ ከወደቀች ሁሉም ይወድቃል። እኔ «ትክክል!» ብዬ ጮህኩ። «እንግዲያው ማን ይተካት?» የሚለው ሲመጣ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ያቋረጥኩት እኔ ነኝ።

እህቴ ግን በሌላ ስልክ ደወለች። ጥርሷን አሟታል፤ ለመታከም ቻግኒ መሄድ አለባት። «ወይ ና፣ ወይ ለሰው የምከፍለው ላክ።» ሰው የሚያስከፍለውን ስሰማ መሄዱ ረከሰልኝ። እንግዲህ የልጅነት ፍቅሬ ልክ ይህ ነው፤ በብር ተመንዝሮ።

ሄድኩ። ቡለንን እንዳለፍን መንገዱ አጥንቴን ሲቆጥረው «ይኸው ያልኩት አልቀረም፣ አያስተማምንም» እያልኩ ተጽናናሁ። ደጃፉ ስደርስ እማዬ ከግድግዳው ጥግ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ተንበርክኬ ጉልበቷን ሳምኩና፣ ያ ሁሉ ትምህርት ከየት መጥቶ ይጠብቀኝ፣ «እማዬ፣ አወቅሽኝ?» አልኩ። እህቴ ከበሩ ላይ ዓይኗን ጨፈነች።

«እንዴት አላውቅህም!» አለች እማዬ። «ሾፌሩ አይደለህም? ስንቁ አልደረሰም፣ ተቀመጥ።»

ልከራከር አፌን ስከፍት እህቴ ሰፌድ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ገብስ መልቀም ጀመርኩ። እማዬ ዓይኗን አስጠግታ እጄን ትመለከታለች። ደህናውን ጥዬ እንክርዳዱን ሳስቀር «ተማሪ ነበርክ መሰለኝ» አለች። ሰፌዱን ነጥቃኝ አንድ ጊዜ አንገዋለለችው፣ መልሳ ሰጠችኝ፣ ጣቴን ይዛ አሳየችኝ። እህቴ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። አጠገባችን የተቆላው ይበርዳል፤ ሽታው መንገድ ላይ ያልበላሁትን ምሳ አስታወሰኝ። አንድ እፍኝ ቆንጥሬ ወደ አፌ ሳስጠጋ እጄን ቸብ አደረገችኝ።

«የእስረኛ ነው!»

«ርቦኝ ነው እማዬ።»

«አንተማ ነጻ ሰው ነህ» አለች፤ «ገበያ ወርደህ ግዛ።»